ስለ ዘረ መል ዝርዝርና ስለ ተርጓሚው

በአዲስ ከተማ፣ በመሳለሚያ አጠገብ ያለው እህል በረንዳ ለብዙ ዘመን የጤፍ ገበያ ሆኖ የኖረ ስፍራ መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጎጃም፣ ከአድአ፣ ከበቾ በጭነት መኪና የመጣው እህል በዚያ ሲራገፍ፣ ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉም እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉ ላይ በትኖ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፤ እፍ ብሎም ገለባውንና አፈሩን ይለየዋል። ከዚያ በኋላ ይህ ማኛ ነው፣ ይህ ነጭ ነው፣ ይህ ሠርገኛ ነው፣ ይህ ቀይ ነው ብሎ ዋጋውን ይቈርጣል። ይህ ሰው የዕፀዋትን ምርምር በትምህርት ቤት አልተማረ ይሆናል፤ ነገር ግን እፍኙ ስለ ጆንያው፣ ጆንያውም ስለ ጭነቱ ሊመሰክር የሚችለው እስከ የት ድረስ እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ከጆንያው አፍ ብቻ የተወሰደ እፍኝ ብዙ ገዢ እንዳታለለም ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሊቃውንት ሌላ ጆንያ ከፍተዋል። ይኸውም በእያንዳንዷ የጤፍ ቅንጣት ውስጥ፣ ዓይን ሊያየው በማይችል ስፍራ፣ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈው የዘር ጽሕፈት ነው። ጽሕፈቱ በሙሉ ጂኖም ይባላል፤ ለሰውነት ሥራ ትእዛዝ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍሉም ዘረ መል ይባላል። (የአዋጁ ቍጥር ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2014 በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘሪሁን ታደለም በመካከላቸው ሆነው፣ ጸደይ የተባለውን የጤፍ ዘር አንብበው የመጀመሪያውን ረቂቅ አወጡ። በ2020 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሆነው ዳቢ የተባለውን ጤፍ ከፊተኛው ይልቅ በተሟላ አኳኋን አንብበው 68,255 ዘረ መል ቈጠሩበት። ጤፍ ከሁለት የጥንት ወላጆች የተገኘ እህል ስለ ሆነ፣ የሁለቱንም ጽሕፈት አብዛኛውን ሳይጥል ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይዞ እንደሚኖር በዚሁ ታወቀ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መቈጠር መታወቅ አይደለም። አንድ ተመራማሪ ጤፍን በሁለት መደብ ዘርቶ አንዱን ቢያጠጣ፣ ሁለተኛውን ቢያስጠማ፣ ከሁለቱም ቅጠል ቈርጦ የትኛው ዘረ መል እንደ ነቃና የትኛው እንደ ተኛ ቢመረምር፣ መሣሪያው በመጨረሻ የሚሰጠው የስም ዝርዝር ነው፤ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሺህ ስም። ስሞቹ ፊደልና ቍጥር የተቀላቀለባቸው፣ በራሳቸው አንዳች የማይናገሩ ናቸው። ብዙ ገንዘብና የአንድ ወራት ሙሉ ድካም የወጣው ለዚህ ዝርዝር ነው። ከዚህ በኋላ ምን ማለት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው በአቅራቢያ ካልተገኘ፣ ዝርዝሩ ወይ በሣጥን ይቀመጣል፣ ወይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ይላካል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር ብዙ ሳይነገረው ይረዳዋል። ግስ የገሠሠ ተማሪ ሁሉ ቅኔ አይቈጥርም፤ ቅኔ የቈጠረም ሁሉ በመጻሕፍት ጉባኤ ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም። ግሱ ባይኖር ትርጓሜው እንደማይኖር እሙን ነው፤ ሆኖም ግሱን የያዘ ተማሪ የመጽሐፉን ምሥጢር ይዣለሁ ቢል መምህሩ ይስቅበታል። የዘረ መል ዝርዝርም እንዲሁ ግስ ነው። ትርጓሜው ሌላ ሙያ ነው፤ ስሙም ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል፤ የሕይወትን ጽሕፈት በሒሳብና በኮምፒዩተር የመመርመር ሙያ ማለት ነው።

የዚህ ሙያ ሰዎች የሚሠሩበት መዝገብ አላቸው። በ1995 በጃፓን አገር በኪዮቶ ኬግ የተባለው መዝገብ ተጀመረ፤ ይኸውም ዘረ መሎች በምን መንገድ ተያይዘው እንደሚሠሩ የሚያሳይ ካርታ ነው። በ1998 ደግሞ የዝንብን፣ የእርሾንና የአይጥን ዘረ መል የሚመዘግቡ ሊቃውንት ተስማምተው፣ የእያንዳንዱ ዘረ መል ሥራ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲጻፍ ጂን ኦንቶሎጂ የተባለውን መዝገበ ቃላት አቆሙ። ከ2003 ጀምሮ ሳይቶስኬፕ በተባለው ፕሮግራም ዘረ መሎችን እንደ ነጥብ፣ ግንኙነታቸውንም እንደ ክር አድርጎ እንደ ሸረሪት ድር በሥዕል ማሳየት ተችሏል። እነዚህን ለምርምር ለመጠቀም ባለቤቶቹ ከዩኒቨርሲቲ ሰው ዋጋ አይጠይቁም፤ ይህ ነገር ኋላ ለሚነገረው ጉዳይ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የአሠራሩ መሠረት ከገበያው ነጋዴ አስተያየት የራቀ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ዝርዝሩ 300 ዘረ መል ቢሆን፣ ከጤፍ ዘረ መል ሁሉ ከመቶ ሁለቱ ከውሃ ጥም ጋራ የተያያዘ ሥራ አላቸው ቢባል፣ በዕጣ ቢወጣ እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ 6 ያህል ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል። 7 ቢገኝ ወሬ አይሆንም፤ 30 ቢገኝ ግን ነገር አለ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል፤ ጥፋቱ የሚመጣውም ቀላል ከመምሰሉ የተነሣ ነው። ተመራማሪው የመረመረው ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ በሥር ወይም በዘር ውስጥ ብቻ የሚነቁት ዘረ መሎች መጀመሪያውኑ ወደ ዝርዝሩ ሊገቡ አይችሉም ነበር። እንግዲህ ማነጻጸር የሚገባው በቅጠል ውስጥ ሊታዩ ከሚችሉት ጋራ እንጂ ከ68,255ቱ ሁሉ ጋራ አይደለም። ይህን የዘነጋ ሰው የቅጠልን ተፈጥሮ እንደ ድርቅ ምሥጢር አድርጎ ያትማል፤ በነጭ ጤፍ ረድፍ ቆሞ እፍኝ ዘግኖ መርካቶ ሁሉ ነጭ ጤፍ ነው ከሚል ሰው በምን ይለያል?

ሌላም አለ። ዝርዝሩ የሚመዘነው በአንድ የሥራ ክፍል ብቻ ሳይሆን አንድ በአንድ በሺህ በሚቈጠሩ ክፍሎች ነው። ከሃያ ጊዜ አንድ ጊዜ በዕድል ሊሆን የሚችለውን ነገር እንደ እውነት የሚቀበል ሰው፣ አንድ ሺህ ክፍል ቢመዝን ምንም በሌለበት ስፍራ እንኳ 50 ያህል ሐሰተኛ ግኝት ይሰበስባል። ለዚህ የሚሆን እርምት በ1995 ቤንጃሚኒና ሆክበርግ የተባሉ ሁለት የእስራኤል የሒሳብ ሊቃውንት አውጥተዋል፤ መኖሩን የማያውቅ ግን አይጠቀምበትም። ድሩም እንዲሁ ያታልላል፤ ብዙ ክር የተሳበበት ነጥብ ዋና ይመስላል፤ ክሩ የበዛው ግን ምናልባት ብዙ ሰው ስላጠናው ብቻ ይሆናል። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ፕሮግራም ማናቸውንም ዝርዝር ቢሰጡት ያማረ ማብራሪያ ይጽፋል፤ በዕጣ ለተወሰደ የስም ክምር እንኳ ምሥጢር ያገኝለታል። አንደበተ ርቱዕ መሆንና ትርጓሜ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ለካህናት መንገር አያስፈልግም።

ትርጓሜ በሚገባ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየው ግን ጤፍ ሳይሆን፣ ጤፍ በማይበቅልበት ብርድ አገር የሚኖረው ሰው ነው። በ2002 አሜሪካዊቱ ሊቅ ሲንቲያ ቢል ከጓደኞቻቸው ጋራ በስሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ቀዩን የደም ክፍል በማብዛት ይቋቋሙታል፤ የቲቤት ሰዎች ደማቸውን ሳያበዙ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። የስሜን ሰዎች ግን ደማቸው እንደ ቆላ ሰው ሆኖ ሳለ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በመካከለኛ ግምት ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። ይህ ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ብዙዎች ተነሡ።

በ2012 አንድ ቡድን የአማራ ደገኞችን ዘረ መል መርምሮ የራሱን ዝርዝር አወጣ፤ በውስጡም ሲባራ 1፣ ቫቭ 3፣ ኤ አር ኤን ቲ 2ና ቲ ኤች አር ቢ የተባሉት ነበሩበት። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በአማራና በኦሮሞ ደገኞች ላይ ሠርቶ ሌላ ዝርዝር አቀረበ። በ2013 ሦስተኛ ቡድን መጥቶ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ቢ ኤች ኤል ኤች ኢ 41 የተባለው ነው አለ። ስሞቹን ብቻ የሚያነጻጽር ሰው እነዚህ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ተጣሉ ብሎ መጻሕፍቱን ይዘጋ ነበር። ስሞቹን ትቶ በስሞቹ መካከል ያለውን ክር የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል። ኤ አር ኤን ቲ 2 የተባለው፣ በኋላም የተገኘው ቢ ኤች ኤል ኤች ኢ 41፣ ሰውነት የኦክሲጅን እጥረት ሲሰማው የሚነሣውን አንዱን የትእዛዝ መንገድ የሚነኩ ናቸው። ይህን መንገድ የገለጡት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የቲቤትና የአንዲስ ሰዎችም በዚያው መንገድ ላይ፣ ግን በሌላ በር፣ የገቡ ሆነው ተገኝተዋል። ሁሉ ነገር ተፈጽሟል ማለት አይደለም፤ ዝርዝሮቹ የሚለያዩበት ምክንያት ገና የሚያከራክር ነው፤ ስለዚህም እውነተኛው ተርጓሚ አንድም እያለ ሁለቱን ፍቺ አስቀምጦ የትኛው እንደሚጸና የሚፈትን ሙከራ ያዝዛል።

ከዚህ በኋላ ወደ ጤፍ መመለስ ይገባል፤ ምክንያቱም የነገሩ ዋና ችግር ያለው እዚያ ነው። የጤፍ ዘረ መሎች ስምና ሥራ ከየት ተገኘ ቢባል፣ አብዛኛው ከሩዝ፣ ከማሽላና አራቢዶፕሲስ ከተባለ የሰናፍጭ ወገን ከሆነ ትንሽ አረም የተቀዳ ነው። በጽሕፈት የሚመሳሰሉ ዘረ መሎች ብዙ ጊዜ በሥራም ስለሚመሳሰሉ፣ መቅዳቱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በሩዝም በአረሙም አቻ የሌለው የጤፍ ዘረ መል ሲገኝ፣ ሥራው ያልታወቀ ተብሎ ይጻፍና ከሒሳቡ ይወጣል። እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ሊናገር የሚችለው ጤፍ ሩዝን በምን እንደሚመስል ነው፤ ጤፍን ጤፍ ያደረገው ነገር፣ በዋልካ መሬት ውሃ ሲተኛበት የሚታገሠው፣ ዝናብም ሲያጥር የሚያፈራው ኃይል፣ ምናልባት ከሒሳቡ በወጡት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን ክፍተት በኪዮቶ ወይም በበርን የተቀመጠ ሰው ቢተጋም ብቻውን ሊሞላው አይችልም። የሚሞላው ጤፉን በመሬቱ ላይ ቆሞ ከሚያየው ሰው ጋራ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥ ተርጓሚ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ሲታመን፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ የሚከፈትበትን አጭር ሰዓት ተመልክተው በ1970ዎቹ ማዳቀል እንደሚቻል አሳዩ። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሠራተኞች በዚያው መንገድ ሄደው፣ በነጭነቱ የታወቀውን ማኛ የተባለውን ዘር ብዙ ከሚያፈራ ሌላ ዘር ጋራ አዳቅለው በ2006 ቁንጮን አወጡ። አበባው በማለዳ መከፈቱን ያየው ዓይን በቦታው የነበረ ዓይን ነው። በ2015 ደግሞ በበርን ከኢትዮጵያውያን ጋራ የሚሠሩት ተመራማሪዎች ቁመቱ አጭር፣ በቀላሉ የማይጋሽብ አንድ የጤፍ ዓይነት ይህን ጠባይ ያገኘው ቱቡሊን የተባለውን ፕሮቲን በሚያዝዘው ዘረ መል ላይ ከደረሰ ለውጥ መሆኑን ገለጡ። ጤፍ እየጋሸበ የሚያጠፋውን ምርት የሚያውቅ ገበሬ የዚህን ነገር ክብደት ይመዝነዋል።

የአገሪቱ ሕግም ቢሆን ዘሩን እንጂ ትርጓሜውን አይጠብቅም። በአዋጅ ቍጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ይህም መልካም ሕግ ነው። ከተነበበ በኋላ ግን ጽሕፈቱ በሽቦ የሚላክ ነገር ሆኖአል፤ በኬላ የሚፈተሽ ጆንያ የለውም። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም እንዴት ይካፈል የሚለውን ጉዳይ የዓለም መንግሥታት በ2022 በሞንትሪያል ተነጋግረው የጋራ ሥርዓት እንዲቆምለት ወስነዋል፤ አፈጻጸሙ ግን ገና ጅምር ነው። የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት በሚመለከት በአውሮፓ ተሰጥቶ የነበረው የፓተንት መብት፣ በኔዘርላንድ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ እስኪሽረው ድረስ ለኢትዮጵያ ምን ያህል የሚያሳፍርና የሚያስቈጭ እንደ ነበረ አይዘነጋም። ያ ነገር ስለ ዱቄት እንጂ ስለ ዘረ መል አልነበረም፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስባል፤ ጽሕፈቱ ለሁሉ ክፍት በሆነበት ዘመን ጥቅሙ የሚያዘነብለው ወደ አነበበው ሳይሆን ወደ ተረጐመው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያይ ባለሥልጣን ምን ይደረግ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሕንፃ አያስፈልግም፤ የኮምፒዩተር አዳራሽም ለጊዜው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አነስተኛ ቋሚ ክፍል ነው፤ አንድ የሒሳብ ስታቲስቲክስ ሰው፣ ሁለት ፕሮግራም የሚያውቁ፣ ሁለት የሕይወት ሳይንስ የተማሩ፣ በጠቅላላው አምስት ሰዎች ቢሆኑ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም፣ በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትም፣ በጉለሌ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም፣ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም፣ ደብረ ዘይትም በጋራ የሚጠይቁት ክፍል ይሁን። ተመራማሪውም ወደ እነርሱ የሚመጣው ዝርዝሩን ከያዘ በኋላ ሳይሆን ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ይሁን፤ ስንት መደብ እንደሚያስፈልግ፣ ከየትኛው ቅጠል በስንት ሰዓት እንደሚቈረጥ አስቀድሞ ካልተማከሩበት፣ በኋላ የሚደረገው ሒሳብ የጠፋውን አይመልስምና።

የውጭ ርዳታ ይህን ያደርግ የለምን የሚሉ አሉ። አድርጓል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የተደገፈው፣ ማዕከሉም በኬፕታውን የነበረው የአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ ለብዙ አገሮች ወጣቶች ትምህርት ሰጥቷል፤ ከየአገሩ የሚላክለትንም ጥያቄ የሚመልስ ክፍል አቁሞ ነበር። የተመደበለት የአሥር ዓመት ዘመን ግን በ2022 ተፈጸመ። በርዳታ የሚቆም ነገር ጠባዩ ይህ ነው፤ የሠለጠነው ወጣት ውሉ ባለቀ ማግስት ወይ ወደ ባንክ የኮምፒዩተር ክፍል ይገባል፣ ወይ ቪዛ ይጠይቃል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም፤ ልጅ ያለው ሰው ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል።

ሌሎች ደግሞ እንጀራ በተወደደበት ዘመን ስለ ዘረ መል ዝርዝር ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። በመሳለሚያ በኩል የሚያልፍ፣ የጤፉንም ዋጋ ሰምቶ ሩብ ኩንታሉን እንኳ ሳይገዛ የሚመለሰውን ሰው ያየ ይህን ክርክር በቀላሉ አይንቀውም። ሆኖም ጤፍ የሚወደደው ሌላ ምክንያት ሁሉ እንዳለ ሆኖ በአንድ ጥማድ መሬት የሚያፈራው ከስንዴና ከበቆሎ ያነሰ በመሆኑ ጭምር ነው፤ ስንዴውና በቆሎው እዚህ የደረሱትም ባለቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን የራሳቸውን እህል ራሳቸው ስላጠኑ ነው። ጤፍን ከኢትዮጵያ ቀድሞ እንደዚያ አድርጎ የሚያጠና ሌላ አገር አይጠበቅም። በበሬና በማረሻ ያለው ድካም እንደ ሆነ ገበሬው አልጎደለበትም።

ከ1976 ጀምሮ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ ብዙ ሺህ የጤፍ ዓይነቶችን በብርድ ቤት ይዟል፤ ብዙዎቹም ገበሬው የሚጠራቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። ክፍሉ ቢቋቋም የመጀመሪያ ሥራው ሥራቸው ያልታወቀ ተብለው የተጻፉትን የጤፍ ዘረ መሎች ለብቻ አውጥቶ፣ ከእነዚህ ዓይነቶች ጥቂቶቹን በደብረ ዘይት መደብ ላይ አዘርቶ፣ በድርቅ ጊዜና ዋልካው ውሃ ሲይዝ የትኞቹ ዘረ መሎች እንደሚነቁ መመዝገብ፣ ያገኘውንም በዓለሙ መዝገበ ቃላት ላይ በስማቸው ማስጻፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘር አለ፤ መሬቱም አለ፤ ፕሮግራሙም ያለ ዋጋ ይገኛል፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ ገና ያልተጻፈው የአምስት ሰዎች ስም ነው።